ታላቂቱ ልጅ ለምን ቀረች? የሐዋሳ ጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ወጣን። የተከራየነው ሚኒባስ የኋላ ወንበሩ ተነሥቶለት እስከ ጣሪያው ተጭኗል፦ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ እየታጠበ የሚያገለግል ሞዴስ፣ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ሁለት ትልልቅ ድስት። ማኅበራችን ትንሽ ናት። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን ጓደኛሞች በየወሩ ከደመወዛችን እያዋጣን የምናቆማት እንጂ ከሌላ ቦታ የሚመጣላት ገንዘብ የለም። ሥራዋ ሁለት ነው፤ በከተማው ዳርና በዙሪያው ገጠር ያሉ ደሃ እናቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ ማገዝ፣ ልጆቻቸውም ከትምህርት ገበታ እንዳይቀሩ መደገፍ።

ስለ መንገዱ ብዙ የምጽፈው የለኝም። እስከ ሞጆ በፍጥነት መንገዱ፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈን በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነጌሌና በሻሸመኔ አድርገን 275 ኪሎ ሜትሩን ጨረስን። ኅዳር ነውና ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ በየማሳው አጨዳ ነው።

ማምሻውን አቶቴ አካባቢ፣ የማኅበራችንን የሐዋሳ ሥራ ከሚያስተባብሩልን ሴት ቤት ተሰበሰብን። እኛ «እትዬ» ነው የምንላቸው፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ «ቲቸር» እያለ ነው የሚጠራቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላም እግራቸው ከትምህርት ቤት ደጅ አልራቀም። ቆሮሶ ዓሣ አስጠብሰው፣ ዳጣ አቅርበው ጠበቁን።

እራት ከበላን በኋላ የሳምንቱን ውሎ ስናወጣ እሳቸው ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና፣ «ደብተሩን አመጣችሁ፣ እሰይ፤ አንሶላውንም አመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በዚህ ጉዞ ግን አንድ ነገር እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። እስከ ዛሬ ጤናውን አንድ ቡድን፣ ትምህርቱን ሌላ ቡድን ነው የሚያየው። አሁን ሁላችሁም ሁሉንም እዩ። ከዚያ እሑድ እንነጋገራለን» አሉን። ከዚህ በላይ ሊያብራሩልን አልፈለጉም።

ማክሰኞ

ዛሬ የዋልነው ከከተማው ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ነፍሰ ጡር እናቶች በወር አንድ ጊዜ እዚህ ይሰበሰባሉ። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ይቆላል፣ ቆሎ ይዞራል። ሁሉም «ሲስተር» የሚሏት አዋላጅ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ከመካከላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታወጋቸዋለች። ይህ አቀማመጧ ደስ አለኝ። ከጠረጴዛ ጀርባ ቆማ ብትናገር ኖሮ ዛሬ የሰማኋቸው ጥያቄዎች የሚጠየቁ አልነበሩም።

«ደም ካየሽ፣ ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለብሽ፣ ፊትሽና እጅሽ ካበጠ፣ ካተኮሰሽ፣ ምጥ ሳይመጣ የሽርት ውሃሽ ከፈሰሰ፣ ልጁ በሆድሽ መንቀሳቀሱን ከቀነሰ፣ ቀጠሮዬ ገና ነው ብለሽ አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ነይ።»

ከምራታቸው ጋር የመጡ አንዲት እናት፣ «እኛ ያን ሁሉ ልጅ ስንወልድ ይህን ማን ነገረን? ነፍሰ ጡር አንድ እግሯ መቃብር ውስጥ ነው ይሉናል፣ እኛም ማርያም ታውጣን እንላለን፣ አለቀ» አሉ። ሲስተር እጃቸውን ያዝ አድርጋ፣ «ያንን እግር ለማውጣት ነው ዛሬ ቡና ያፈላነው፣ እማማ» አለቻቸው።

እማማ የተናገሩት የዘመናቸውን እውነት ነው። በአውሮፓውያኑ 2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ 100,000 ሕፃናት በሕይወት ሲወለዱ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2016 ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱትም በ2000 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። በአውሮፓውያኑ 2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎችን አስቀምጦ ቤት ለቤት ማንኳኳቱ፣ የአዋላጆች ቁጥር ማደጉ፣ አምቡላንስ ወደ ወረዳ መውረዱ ተደማምረው ያመጡት ለውጥ ነው። ሆኖም ከመቶ 48 ማለት ከግማሽ የሚበልጡት ያን ጊዜም ቤታቸው ይወልዱ ነበር ማለት ነው።

ለምን? ሲስተር በሦስት ጣቷ ነው ያስረዳችኝ። የጤና ሰዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» ይሏቸዋል። አንደኛው ቤት ውስጥ ያለው ነው፤ ባል፣ አማት፣ ጎረቤት «ትንሽ እንይ» ሲባባሉ ሰዓቱ ይሄዳል። ሁለተኛው መንገዱ ነው። ሦስተኛው ከደረሰች በኋላ የሚገጥማት ነው፤ ባለሙያ፣ መድኃኒት፣ ደም፣ ውሃ። ሦስተኛውን ለማየት ሩቅ አልሄድንም። የማዋለጃ ክፍሉ ቧንቧ ደርቋል። ጽዳት ሠራተኛዋ ከግቢው ሮቶ በጀሪካን እየቀዳች ታመላልሳለች፤ ሮቶውም ከሥሩ እየደረሰ ነው። እጅ ታጥቦ የማይጠገብበት ሥራ በጀሪካን ሲሠራ ማየት ያማል። ውሃ መሳቢያ ሞተሩን ለማስጠገን የሚያስፈልገውን ጽፈን ይዘናል።

በመንግሥት ጤና ተቋማት ወሊድ በነጻ ነው። ነገር ግን አንዲት ደሃ እናት ጤና ጣቢያው በር እስክትደርስ ድረስ ያለው ሁሉ ያስከፍላል። የሌሊት ባጃጅ፣ የአስታማሚ ምግብ፣ የሕፃኑ መጠቅለያ ጨርቅ፣ በቀን ሥራ የምታድር ከሆነች ደግሞ ያልሠራችበት ቀን። ማኅበራችን ገንዘቧን የምታውለው በዚህ መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ከስብሰባው በኋላ አንዲት ወጣት ወደ ጎን ወሰደችኝ። የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ እንደ እሷ ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች በከተማው ዳር አንድ ክፍል ለአራት፣ ለአምስት እየተከራዩ ይኖራሉ። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ እናቷ ሩቅ ናቸው፤ ሥራውን ልትለቅ ቆርጣለች። «ከወለድኩ በኋላ ማን ይቀበለኛል ብለሽ ነው?» አለችኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከነደመወዙ እንደሚሰጥ፣ ለእርግዝና ምርመራም የሐኪም ማስረጃ ይዛ ከነክፍያው ልትሄድ እንደምትችል ማንም አልነገራትም። በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። አጣጥፋ ከክትትል ካርዷ ጋር አስቀመጠችው። ይህን ወረቀት አባዝተን በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ብንለጥፍ ምን ይከብደናል?

ረቡዕ

በቱላ በኩል ወጥተን ከአስፋልቱ ተገነጠልን። መንገዱ ወደ ደጋው እየወጣ በሄደ ቁጥር እንሰቱ ይበዛል፤ ከእንሰቱ ሥር ቡናው ቀልቷል፤ በየጓሮው ለቀማ ነው። የዛሬው ጉዳያችን ከአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ግቢ ያለው የእናቶች ማቆያ ነው።

ማቆያ አዲስ ነገር አይደለም። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ከአውሮፓውያኑ 1976 ጀምሮ ቤታቸው የራቀ እናቶችን ከምጣቸው በፊት ያሳድር ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ምጥ ከያዛት በኋላ ተራራ ከምትወርድ ሳይይዛት መጥታ ትጠብቅ። በተለይ ቤቷ የራቀ፣ መንታ የያዘች፣ ከዚህ በፊት በቀዶ ጥገና የወለደች ወይም ከወለደች በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ቀኗ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድማ እንድትገባ ይመከራል።

ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍልና አጠገቡ ማብሰያ ጎጆ ነው። አንሶላውን አነጠፍን፣ ብርድ ልብሱን አደልን፣ ድስቶቹን ወጥ ቤት አስገባን። ያሉት እናቶች የሚያወሩት በሲዳምኛ ስለሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ታስተረጉምልኛለች። ስለ ምግቡ ጠየቅሁ፤ ቆጮው ከየቤቱ ይመጣል፣ ጎመኑና ቅቤው ግን አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ስለ ማገዶ ጠየቅሁ። ስለ መኝታው ጠየቅሁ። ለሁሉም «ደህና ነው» ብለው መለሱልኝ።

ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት እናት ግን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ዕቃዋን በከረጢት ቋጥራ ተነሥታለች። አራተኛ ልጇ ነው። ሦስተኛውን ስትወልድ የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ደሙ አልቆም ብሏት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉ ምክንያቶች በግንባር ቀደምነት የሚጠቀስ ነው፤ አንዴ የፈሰሳት ደግሞ እንደገና ሊፈሳት ይችላል። በዚህ ቤት ካሉት ሁሉ መቆየት የሚገባት እሷ ናት። የምትሄደውም እሷ ናት።

ባለሙያዋ ለረጅም ጊዜ አነጋገረቻት። ሴትዮዋ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ አንድ ነገር ብቻ ነው ደጋግማ የምትለው። ምን እያለች እንደሆነ ጠየቅሁ። «ቤት ያለችው ልጄ ብቻ ናት እያለች ነው። ባሏ ለቡና ለቀማ ርቆ ሄዷል። ሁለቱን ትናንሾች፣ ላሚቱን፣ ውሃውን፣ ምግቡን፣ ሁሉንም የያዘችው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት።»

አንሶላ ይዘን ነበር የመጣነው። የዚህች እናት ችግር አንሶላ አልነበረም፤ ቆጮም፣ ማገዶም አልነበረም። አንዲት ሌሊት ብቻ እንድትታገስ ለምነናት፣ እትዬም «ነገ ልጅሽን እኔ ራሴ አያታለሁ» ብለው ቃል ገብተውላት፣ ከረጢቷን አልጋው ሥር መልሳ አስገባች። ስንወጣ እትዬን አየኋቸው። «ነገ ትምህርት ቤቱን ታያላችሁ» ብቻ አሉኝ።

ሐሙስ

ትምህርት ቤቱ ከማቆያው በእግር ብዙ አይርቅም። በሲዳምኛ ነው የሚያስተምሩት፤ አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። ደብተሩን አስረከብን፤ ልጆቹ ተሰልፈው ተቀበሉ፤ ፎቶ እንዳይነሣ ተስማምተን ስለመጣን አልተነሣም። ይህን ውሳኔያችንን እወደዋለሁ። ደብተር የተቀበለ ልጅ ፊቱን በምላሹ መስጠት የለበትም።

ሞዴሱን የተረከበችው የሴቶች ክበብ ኃላፊ የሆነች መምህርት ናት። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች፣ ባልዲና ሳሙና ያለባት ክፍል አሳየችን። ውሃው ተማሪዎቹ ራሳቸው በየተራ እየቀዱ የሚያመጡት ነው። ቀድሞ በዚያ ሰሞን የምትቀር ልጅ አሁን ከክፍል ወጥታ፣ ተጣጥባ፣ ቀይራ ትመለሳለች።

ከዚያ እትዬ ርዕሰ መምህሩን የአምስተኛ ክፍልን የስም መጥሪያ እንዲያሳዩን ጠየቁ። ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ እያስኬዱ አነበቡልን። «ይኼውላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ወንዱም ሴቱም ቀርቷል። ይህ የቡና ለቀማ ነው፤ በየዓመቱ ያለ ነው፤ ያልፋል፤ ይመለሳሉ። አሁን ይህችን እዩ። ጥቅምት ሦስት ቀን፣ ኅዳር አምስት ቀን። ይህችን ደግሞ፤ ሙሉ ሁለት ሳምንት። ይህችን። ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ሁሉም ለቤታቸው ታላቅ ናቸው።»

ርዕሰ መምህሩ ለእያንዳንዷ ምክንያቱን ያውቁታል። ያንዷ እናት ወልዳ አራስ ናት። የሌላዋ እናት በደም ማነስ ተኝታለች። ሦስተኛዋ የትናንቷ እናት ልጅ ናት።

የክፍሏ መምህር «ሒሳብ ላይ ማንም አይደርስባትም» አለን። ቃሉን በማዘን ነው የተናገረው፤ ምክንያቱም ክፍልፋይ የተጀመረው እሷ በሌለችበት ሳምንት ነው።

ከሰዓት ቤቷ ሄድን። እሳቱ ላይ ድስት ተጥዷል። ትንሹን በጀርባዋ አዝላለች፣ ሌላው ቀሚሷን ይዞ ይከተላታል። የመጣነው ከእናቷ ዘንድ መሆኑን ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው «ወለደች?» ብላ ነው። ገና መሆኑን ስንነግራት ተነፈሰች። ደብተሯን አምጪ ስትባል ከቁም ሣጥን ወይም ከቦርሳ አይደለም ያመጣችው፤ እንዳይረጥብ በፌስታል ጠቅልላ ከጣሪያው ማገር ሥር ሰክታው ነበር። እትዬ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አንዲት ቁራጭ ቂጣ ለአራት ቆርሰው ክፍልፋይ አስጀመሯት። ሕፃኑ እጁን ሰድዶ አንዱን ሩብ ወሰደ። «ስንት ቀረ?» አሏት። «ሦስት አራተኛ» አለች ወዲያው።

እየመሸ ሲሄድ እትዬ ከጎረቤቲቱና ከእድሩ አንድ ሽማግሌ ጋር ደጅ ላይ ቆመው ተነጋገሩ። ጎረቤቲቱ ፈቃደኛ ናት፤ ድሮም ልጆቹን ብቅ እያለች ታያለች። ግን እሷም የገዛ ልጆች አሏት፤ የእሷም ጎተራ ባዶ ነው። ለእነዚህ ቀናት የበቆሎ ዱቄትና ዘይት ብናመጣላት ሁለቱን ትናንሾች ቀን ቀን ከራሷ ልጆች ጋር እንደምትይዝ፣ ላሚቱንም እንደምታልብ ተስማማች። ዱቄቱ ሳይመሽ ከገበያ ተገዛ። ለአንዲት እናት ማቆያ ገብቶ መቆየትና ለአንዲት ልጅ ክፍል መግባት የጎደለው ይህን ያህል ነበር። ተናድጄ ነው የተመለስኩት።

ዓርብ

ጠዋት በስልክ የሰማነው መልካም ነው። ልጅቷ ክፍል ገብታለች። እናቷም ይህን ሰምታ ከረጢቷን ፈትታለች።

እኛ ወደ ይርጋለም ሄድን። ማኅበራችን የትራንስፖርት ወጪዋን የምትሸፍንላትን አንዲት ወጣት ለክትትል ቀጠሮዋ ማድረስ ነበረብን። ይርጋለም ከሐዋሳ ወደ ደቡብ አጭር መንገድ ነው፤ ከሃምሊን የፊስቱላ ማዕከላት አንዱ የሚገኘው እዚያ ነው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በአውሮፓውያኑ 1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ፤ ሕክምናውም እስከ ዛሬ በነጻ ነው። ዶክተር ካትሪን መጋቢት 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ አረፉ። በኋለኛው ዘመናቸው ብዙ የደከሙት ለአዋላጆች ኮሌጅ ነው፤ ፊስቱላን ከማከም እንዳይከሰት ማድረግ ይበልጣልና።

ፊስቱላ የሚመጣው ምጥ ለቀናት ሲንዛዛ ነው። የሕፃኑ ጭንቅላት መውጫ አጥቶ የእናቲቱን ሥጋ ከአጥንቷ ጋር ተጭኖ ይቆያል፤ ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ይበሳል፤ ሽንቷ፣ አንዳንዴም ሰገራዋ ያለ ፈቃዷ ይወርዳል። ሕፃኑ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። በጊዜው የተሠራ ቀዶ ጥገና ይህን ሁሉ ያስቀረዋል።

መንገድ ላይ ወጣቷ አጠገቤ ተቀምጣ ታሪኳን አጫወተችኝ፤ ስሟንና አገሯን ሳልጠቅስ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። እናቷ በምጥ ሞቱ። እሷ ያን ጊዜ አምስተኛ ክፍል ነበረች፣ ለቤቱ ታላቅ። ታናናሾቿን ለማሳደግ ትምህርቷን ተወች። አባቷ ሌላ ሲያገቡ ለእሷ የቀረው መንገድ ማግባት ሆነ፤ የቤተሰብ ሕጉ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ እንዳትዳር ቢከለክልም እሷ ከዚያ በእጅጉ ታንስ ነበር። ያልጠነከረ አካሏ ላይ የመጣው የመጀመሪያ ምጥ ለቀናት ቆየ። ልጇን ቀበረች፣ በሽታውን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች።

ይህን የነገረችኝ በእርጋታ ነው። ተፈውሳለች፤ አሁን የማታ ትምህርት መመዝገብ ትፈልጋለች። እኔ ግን በመስኮቱ በኩል እንሰቱን እያየሁ ትናንት ያየሁትን የስም መጥሪያ ነበር የማስበው። አምስተኛ ክፍል። ለቤቱ ታላቅ። ጥቅምት ሦስት ቀን፣ ኅዳር አምስት ቀን። የእናት ሞት ከሴት ልጇ ትምህርት ላይ እንዴት አድርጎ እንደሚቀጥል፣ ከዚያም ተመልሶ በልጅቷ አካል ላይ እንዴት እንደሚመጣ ከዚህች ወጣት በላይ ያስረዳኝ የለም።

ቅዳሜ

ከማቆያው የተደወለው ገና ሳይነጋ ነው። ወልዳለች፤ ሴት ናት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።

የማቆያው ጤና ጣቢያ አዋላጅ በስልክ የነገረችኝን ሁሉ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ደህና መሆናቸው ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ምጡ እኩለ ሌሊት ጀመራት። ከአልጋዋ እስከ ማዋለጃው ክፍል ያለው ጥቂት እርምጃ ነው። ሕፃኗ እንደወጣች በደቂቃ ውስጥ ማህፀን እንዲኮማተር የሚያደርገው የኦክሲቶሲን መርፌ ተወጋች፤ የእንግዴ ልጁ በወጉ ወጣ፤ ማህፀኗ መጠንከሩን አዋላጇ በእጇ እየዳሰሰች አረጋገጠች። ደም መጣ፣ ግን ቆመ። ይህችው ሴት ረቡዕ ወደ ቤቷ ሄዳ ቢሆን ያ ሌሊት ከአንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅና ከሁለት ሕፃናት ጋር፣ ባሏ በሌለበት፣ ተራራ ላይ ያገኛት ነበር።

ሄደን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልናት። ገንፎው በማቆያው ጎጆ፣ እኛ ባመጣነው ድስት ተገንፍቷል፤ ቅቤው መካከሉን ሞልቶታል። እልልታው ሲቀልጥ ገና ያልወለዱት እናቶች ዓይን ሁሉ አራሷ ላይ ነበር። ከሐኪምና ከፖስተር ይልቅ ይህ ያስተምራል። ታላቂቱ ልጅ እህቷን በሁለት እጇ ተቀብላ እያየች፣ እናቷ በሲዳምኛ አንድ ነገር አለቻት። ባለሙያዋ አስተረጎመችልኝ፦ «ሰኞ ክፍልሽ ግቢ፣ ጎረቤታችን አለች።»

ከሰዓት ከተማ ተመልሰን በቅዳሜው ማጠናከሪያ ትምህርት ተገኘን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ የሚያስተምሩት ነው። ከልጆቹ ብዙዎቹ የሚመጡት ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል አካባቢ ነው፤ ጠዋት ዓሣ ሲያጥቡና ሲሸከሙ አርፍደው እጃቸው ገና ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ይቀመጣሉ። ንባብ ላይ ብርቱዎች ናቸው። ከመካከላቸው ሴቶቹ ጥቂት መሆናቸውን ያየሁት ዛሬ ነው፤ የት እንዳሉ ለማወቅም ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ እትዬ ቤት ተቀመጥን። ስብሰባው ረዘመ፣ ክርክሩም ጠንካራ ነበር። እኔ ያቀረብኩት ለደብተር ከምናወጣው ግማሹ እናት ማቆያ ስትገባ ቤቷን ለሚይዝላት ሰው እንዲሆን ነው። ከጓደኞቻችን አንዱ አልተቀበለውም። «ጎረቤት ለጎረቤት የሚያደርገውን በገንዘብ ከጀመርነው፣ ነገ እኛ ስንሄድ ማን በነጻ ይይዛል?» አለ። ይህ ስጋት ቀላል አይደለም። ሌላዋ ደግሞ ደብተር ከቀነስን መስከረም ላይ በር ላይ የሚመለሱት ልጆች ፊታቸውን ማየት አልችልም አለች። እሷም እውነቷን ነው።

እትዬ መጨረሻ ላይ ተናገሩ። «ጎረቤት አልጠፋም፤ ጎረቤቲቱ ሐሙስ ያያችኋት ናት። የራሷ ጎተራ ባዶ ስለሆነ ነው እንጂ ልቧ አልጎደለም። ገንዘብ አትስጧት። እህሉ በእድሩ በኩል ይሂድ፤ ማን ማንን እንደሚይዝ እድሩ ይወስን፤ ዛሬ የተያዘላት ነገ ተራዋን ትያዝ።» በዚህ ተስማማን። ደብተሩን የምንቀንሰው በሩብ ብቻ ነው፤ የጎደለውን እኛ መዋጮ ጨምረን እንሞላለን።

ሁለተኛው ውሳኔ ገንዘብ አይጠይቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የመውለጃ ወራቸው የተቃረበ እናቶችን መዝግባ ይዛለች። ርዕሰ መምህሩ የሚቀሩትን ልጃገረዶች ስም ይዘዋል። ሁለቱም በአንድ ቀበሌ፣ ብዙም በማይራራቅ ቦታ ይሠራሉ፤ መዝገቦቹ ግን ተገናኝተው አያውቁም። ከታኅሣሥ ጀምሮ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ፣ እናቶቹ እሺ ባሉ መጠን፣ ሁለቱ ከእድሩ ሽማግሌ ጋር ተቀምጠው የማን እናት ማቆያ እንደምትገባና የማን ታላቅ ልጅ ቤት ልትቀር እንደሆነ አስቀድመው ያያሉ። የጤና ጣቢያው ውሃ መሳቢያ ሞተር፣ የሕጉ ወረቀት ኅትመትና የወጣቷ የማታ ትምህርት ምዝገባ ለየአንዳንዳችን ተከፋፍለዋል። የእኔ ድርሻ ወረቀቱ ነው፤ በአማርኛና በሲዳምኛ።